ከአርባ በኋላ ትዳር በአፕ፦ እናንተ ምን ትላላችሁ?

አስተናጋጁ፦
ሰሞኑን ጽዋ ማኅበር ላይ አንድ ወሬ ተነሥቶ ጠላው እስኪያልቅ ተከራከርንበት። አንዲት የ46 ዓመት ሴት ናት። ከተፋታች ቆይታለች፤ ልጆቿንም አድርሳለች። ስልኳ ላይ የመተዋወቂያ አፕ ጭና ተገኘች። ወንድሟ ሰማ። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። «በዚህ ዕድሜሽ ምን ሆንሽ?» ተባለች። ግማሹ ማኅበርተኛ «ደግ አደረገች» አለ፣ ግማሹ አማተበ። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ጎንደር ላይ ተቀምጦ፣ አርባን ያለፈ ሰው አጋሩን በአፕ ቢፈልግ ልክ ነው ወይስ አይደለም? የሰው ስም አትጥሩ፣ ስልክ ቁጥር አትለጥፉ። ሌላው ክፍት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ነውር ነው አልልም። የእኔ ጥያቄ «ማን ይጠየቃል?» ነው። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲላክ ሦስት አራት የተከበሩ ሰዎች ቃላቸውን ያስይዛሉ። ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሌላ ሚስት አለችው ወይ? ዕዳ አለበት ወይ? ሲጠጣ እጁን ያነሣል ወይ? ሁሉ ይጣራል። ነገ ነገሩ ቢበላሽ እነዚያው ሽማግሎች ተጠርተው ይቀመጣሉ። አፑን ማን ጠርቶ ያስቀምጠዋል?

የማራኪዋ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ለሃያ አምስት ዓመት ልጅ ይሠራል። እኔ 44 ነኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። እስካሁን በሽማግሌ የመጡልኝን ልንገርዎት? አንደኛው ሰባን የተጠጋ ነው። አክስቴ ስታግባባኝ ምን አለችኝ መሰለዎት? «አንቺ ነርስ አይደለሽ? ስኳሩን ትለኪለታለሽ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ታቀብይዋለሽ።» ሌላው አምስት ልጆች ይዞ አሳዳጊ የሚፈልግ ነው። እኔ የፈለግሁት ባል ነው፣ ማታ ማታ ተረኛ መግባት አይደለም። እኩያዬ የሆነው ወንድ ደግሞ ሽማግሌ የሚልከው ሠላሳ ወዳልሞላት ነው። መጀመሪያ ይኼ ይመለስልኝ፣ ከዚያ አፑን ስደቡት።

የአራዳው ባለሱቅ፦
እኔ ሞክሬዋለሁ። ዕድሜ 51፣ የተፋታሁ። ቲንደር የሚባለው አፕ ላይ ርቀቱን 10 ኪሎ ሜትር አደረግሁት። መጀመሪያ የወጣችልኝ ከሱቄ ዱቄት በዱቤ የምትወስድ ደንበኛዬ። ሁለተኛዋ የልጄ አስተማሪ። ሦስተኛዋን ሳላይ ስልኩን ኪሴ ከተትሁት። ርቀቱ ቢበዛ እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በቀጥታ መስመር ሲለካ ባሕር ዳር ትገባለች፣ አዲስ አበባ አትገባም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማየት ብር ክፈል ይልሃል። አፑ የተሠራው ጎረቤት ከጎረቤት ለማይተዋወቅበት ከተማ ነው። እዚህ እንኳን ሰውየው፣ በጉም የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ቨርጂኒያ፦
የአዘዞ ልጅ ነኝ፣ ያለሁት አሜሪካ ነው። እዚህ ነገሩ ነውርነቱ ቀርቷል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በፈረንጆቹ 2022 ባደረገው ጥናት ከአሥር አዋቂዎች ሦስቱ የመተዋወቂያ አፕ ወይም ድረ ገጽ ተጠቅመው ያውቃሉ። ከ50 እስከ 64 ዓመት ካሉት ደግሞ 20 በመቶው። አፕ መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቲንደር በዋናነት ፎቶ እያዩ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መግፋት ነው። ሂንጅ ጥያቄ እያስመለሰ ስለ ራስህ ያስጽፍሃል፤ ለእኛ ዕድሜ ይሻላል። አወርታይም ከሃምሳ በላይ ለሆኑት የተሠራ ነው። በምብል ደግሞ በፈረንጆቹ 2014 ሲጀመር ወንድና ሴት ከተመራረጡ በኋላ መጀመሪያ የምትጽፈው ሴቷ ነበረች።

ግን የማታለሉንም ነገር እወቁት። እዚሁ አገር በዚያው በ2022 ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው በፍቅር ስም ተጭበረበርሁ ብሎ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ አመልክቷል። የተበላው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ያውም አፍሮ ያልተናገረው ሳይቆጠር። አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው መርከብ ላይ ነው፣ ወይም ወታደር ነው፣ ወይም ውጭ አገር የሚሠራ ሐኪም ነው። ባወራችሁ በሳምንቱ «ያለ አንቺ መኖር አልችልም» ይላል። ቪዲዮ ኮል ሲባል ካሜራው ይበላሽበታል። ከዚያ «ስጦታ ልኬልሽ ኤርፖርት ተያዘ፣ ቀረጡን ክፈይ» ይመጣል።

ጡረተኛው መምህር፦
ሴት መጀመሪያ የምትጽፍበት? ወይ ጊዜ!

የማራኪዋ፦
ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ገንዘብ ተዉትና እሱ ነው የደነቀዎት?

አዘዞ፦
ወገን፣ ስለ ቲንደር ታወራላችሁ። የእኛ ሰው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። የትዳር ፈላጊ ቻናሎችን አላያችሁም? «ዕድሜ 47፣ ቁመት 1.70፣ ኦርቶዶክስ፣ ሥራ የግል፣ አንድ ልጅ ያላት ብትሆንም ችግር የለውም፣ ቁም ነገረኛ ብቻ ታውራኝ።» ፎቶው ከአንገት በላይ ተቆርጦ፣ ወይ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ግንቡን እያየ። አድራሻውን ለማግኘት ለአስተዳዳሪው በቴሌብር ትከፍላለህ። እኔ 300 ብር ከፍዬ የተሰጠኝ ቁጥር ሲደወል «የደወሉላቸው ደንበኛ» ብቻ ይላል። አስተዳዳሪውን ስጠይቀው ብሎክ አደረገኝ። አፑ ቢያንስ መጥፎ ሰው ሪፖርት የምታደርግበት ቁልፍ አለው።

ጠበቃዋ፦
ስለ ማጭበርበሩ ብዙ ተባለ። በዚህ ዕድሜ ቢሮዬ የሚመጣው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ሰውየው «ተፋትቻለሁ» ይላል፤ ሲጠየቅ በሽማግሌ ተለያይተው ዕቃ ተካፍለው ነው። ፍርድ ቤት አልሄዱም። ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ላይ ጋብቻ አይፈቅድም፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። የፊተኛዋ ሚስት ነገ ብቅ ስትል ሠርታችሁ የገባችሁበት ቤት የክስ ፋይል ይሆናል። ስለዚህ የውሳኔውን ግልባጭ «አሳየኝ» በሉ፣ አትፈሩ። ከቀበሌ የሚጻፈው ያላገባ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። ቀበሌው የሚያውቀው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። ሌላ ከተማ በባህል ወይም በቤተ ክርስቲያን ያገባ ሰው እዚህ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል።

መምህር፣ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው፤ ይኼን አነፍንፎ የሚያወጣው ሰው ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ባለ ጉዳዮቼ ብዙዎቹ የተገናኙት በአፕ አይደለም። በሽማግሌ ነው። ሽማግሎቹም አልጠየቁም ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
እሱስ አዎ። የዛሬ ሽማግሌ ለድግሱ የሚሄድ በዝቷል። ያልሠራ ሽማግሌ ይወቀስ እንጂ ሽማግሌነት ይቅር አይባልም።

አስተናጋጁ፦
እኔ ወደ ማራኪዋ አደላለሁ። ሽማግሌ የሚያጣራው የመጣውን ሰው ነው፤ ጭራሽ ላልመጣው ምን ያደርጋል? አፑ ደግሞ ማስተዋወቅ እንጂ ማጣራት አያውቅበትም። ለእኔ ጥፋተኛው ወንድምየው ነው። ዘመድ ከሚሰበስብ «ማንን ነው የምታወሪው? እስኪ ሰፈሩ ሄጄ ልጠይቅልሽ» ቢላት ኖሮ የወንድምነት ሥራውን በሠራ። አሁን ሴትየዋ አፑን አላጠፋችም፤ ተደብቃ ነው የምትጠቀመው። አጭበርባሪ የሚፈልገውም እንዲህ ያለችውን ነው፣ ለማንም የማትናገረውን።

የማራኪዋ፦
ተባረክ። እኔም ለማንም ሳልናገር ነው የጀመርሁት። የባሕር ዳር ሰው ነበር፣ መሐንዲስ፣ 49። ሁለት ጊዜ በቪዲዮ አውርተናል፤ ጨዋ ነው። ስልክ ቁጥር ለመለዋወጥ ትንሽ ልተዋወቀው ብዬ አቆየሁት። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያላችሁበት ስለሆነ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ በቀን አልተመለሰም፣ በወርም አልተመለሰም። ትቶኝ ይሁን መስመሩ ጠፍቶ በምን ልወቅ? ዳታው ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን መፈለግ ነበር። አግብቷል። በሽማግሌ ነው አሉ።

የአራዳው ባለሱቅ፦
ይቅርታ እህቴ፣ ሳቄ አመለጠኝ።

የማራኪዋ፦
ሳቅ፣ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ግን ሰውየው ደህና ከመሰለኝ ቁጥሩን ቶሎ እቀበላለሁ። የእህቴም ስልክ ላይ እመዘግበዋለሁ።

አዘዞ፦
መገናኘቱስ? መጀመሪያ ሰው ባለበት ቦታ፣ በቀን ተገናኙ ይባላል። ጎንደር ላይ ሰው ያለበት ቦታ ማለት የሚያውቅህ ሰው ያለበት ቦታ ማለት ነው።

የአራዳው ባለሱቅ፦
አትንገረኝ። ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀጣጠርን። ማኪያቶው ሳይቀርብ እህቴ ደወለች፦ «ቀይ ሹራብ የለበሰችዋ ማን ናት?»

ጠበቃዋ፦
ጓደኛ ይዞ ሄዶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ለደኅንነትም ለሐሜትም ይሆናል። ታክሲ ደግሞ በየራሳችሁ፤ ቤት ላድርስሽ ካለ በመጀመሪያው ቀን አይሆንም በሉ።

ጡረተኛው መምህር፦
ቁስቋም ቅዳሴ አስቀድሳችሁ ደጀ ሰላሙ ላይ ብትገናኙ ማን ይጠረጥራል? የንስሐ አባቱ ማን እንደሆኑም በዚያው ትጠይቂያለሽ። እሳቸው ምሥጢር አያወጡም፤ «ይኼ ሰው ሚስት ልታገባው ነጻ ነው ወይ?» ብትይ ግን ፊታቸው ይነግርሻል።

ቨርጂኒያ፦
መምህር፣ ይኼን እንኳን የትኛውም አፕ አላሰበውም።

ጡረተኛው መምህር፦
አትቀልድ። የማራኪዋ፣ ስሚኝ ልጄ። ደህና ሰው ካገኘሽ፣ በስልክም ይሁን በምን፣ ንገሪኝ። ሥራውን፣ ፋይሉን፣ ሰፈሩን እኔ ራሴ አጣራለሁ። ሽማግሌ ሲልክም ከእናንተ ወገን ሆኜ እቀመጣለሁ።

የማራኪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። እሱ እስኪልክ ከምጠብቅ ግን እኔ ብልክዎትስ?

ጡረተኛው መምህር፦
እኔን? ወደ ወንዱ ቤት?

የማራኪዋ፦
አዎ።

ጡረተኛው መምህር፦
አስተናጋጅ፣ ለዚህ ሌላ ክርክር ክፈት።