ሸርሊ ቺዝም የት ተወለደች ብሎ መጠየቅ "ጥቃቅን" ነው እንዴ?

የብሩክሊኗ፦
ትናንት ማታ ላይቩን የሰማችሁ አላችሁ? እንግዳው ስለ ጥቁር ሴት ፖለቲከኞች እያወራ "ባርቤዶስ የተወለደችው ሸርሊ ቺዝም በአሜሪካ ታሪክ ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት" ብሎ ሲያልፍ ቆይ እስቲ ያለው አንድም ሰው የለም። ሁለቱም ልክ አይደለም። ሴትዮዋ የተወለደችው እዚሁ ብሩክሊን ነው፣ ኖቬምበር 30፣ 1924። ከባርቤዶስ የመጣችው እናቷ ናት፣ አባቷ ደግሞ ከጉያና። "የመጀመሪያዋ ሴት" ለሚለው ቪክቶሪያ ውድሃል 1872 ላይ ተወዳድራለች፣ ያኔ አብዛኛው ቦታ ሴት ድምፅ መስጠት እንኳን አትችልም ነበር። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ እንዴት እንዲህ ይባላል፣ በጣም ነው ያናደደኝ።

ሸገር ልጅ፦
እህቴ ሰውየው እኮ ሊያከብራት ብሎ ነው። ኮንግረስ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሆኗን በደንብ ተናግሯል፣ 1968 መመረጧን፣ ጄምስ ፋርመርን የመሰለ በሲቪል ራይትስ ትግል ስሙ የገነነ ሰው ማሸነፏን፣ ሁሉንም። የት ተወለደች ማን ቀደማት ጥቃቅን ነገር ነው። እኛ ጋ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ የሚያወራ ሰው ስንት አለ? ያለውንም በጥቃቅን ነገር አሸማቀን ዝም እናሰኘው?

የብሩክሊኗ፦
ጥቃቅን ነው ያልከው? ፕሬዝዳንት ለመሆን በትውልድ አሜሪካዊ መሆን ግዴታ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል። ስደተኛ ወላጆች ያሏትን ሴት ባርቤዶስ ነው የተወለደችው ካልክ 1972 ላይ የተወዳደረችው መብቱ ሳይኖራት ነው እያልክ ነው። ኦባማን ኬንያ ነው የተወለደው እያሉ 2011 ላይ ሙሉ የልደት ወረቀቱን እስኪያወጣ ያሰቃዩት በዚሁ "ጥቃቅን" ነው። ካማላ ሃሪስም ኦክላንድ ተወልዳ 2020 ላይ ብቁ አይደለችም ያሉ ነበሩ። እና እኛው በራሳችን አፍ እናቀብላቸው?

ሐቀኛው፦
ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። አባቷ ፋብሪካ እየሠራ እናቷ ልብስ እየሰፋች ኑሮ ሲከብዳቸው ሴት ልጆቻቸውን ባርቤዶስ አያታቸው ጋ ላኩ። ሸርሊ ትምህርት የጀመረችው እዛ ነው፣ የተመለሰችው 1934 ነው፣ የባርቤዶስ አነጋገሩም አብሯት ቀርቷል። ስትሄድ ስንት ዓመቷ ነበር ለሚለው አንዱ ጽሁፍ ሦስት ይላል ሌላው አምስት፣ 1929 መጨረሻ ላይ ነው የሄደችው የሚለውን ከያዝን አምስት ነው። ይሄ ለኛ ሰው እንግዳ ነገር ነው? ሁለት ሥራ እየሠራን እዚህ የወለድነውን ልጅ አዲስ አበባ እናታችን ጋ ልከን ያሳደግን ስንት ነን፣ ልጁ አማርኛው ቢያምርም የተወለደው ቨርጂንያ ነው፣ ይሄን ማንም ሰው እንዲቀይርብን አንፈልግም።

አባ መላ፦
ሐቀኛው ጥሩ ብለሃል። እኔን ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ "የመጀመሪያዋ" የሚሉት ነገር ነው። ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ 1964 ላይ የሪፐብሊካን እጩ ለመሆን ተወዳድራለች። ጥቁር ሴት ካልን ደግሞ ቻርሊን ሚቸል 1968 በኮሚኒስት ፓርቲ ስም ቀርባለች። ሌላም ልጨምር፣ የኒውዮርክ ስቴት አሴምብሊ (የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም ቺዝም ናት ሲሉ እሰማለሁ፣ ቤሲ ቡካናን እኮ 1954 ተመርጣ እዛ ነበረች፣ ቺዝም የገባችው ከእሷ ወዲህ ነው። ልክ የሚሆነው ከሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች የአንዱን እጩነት ፈልጋ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ስንል ነው።

ሸገር ልጅ፦
ጋሼ እንደዚህ እየሸራረፋችሁ ምን ልታስቀሩላት ነው? አንዱን ለውድሃል፣ አንዱን ለሚቸል፣ አንዱን ለቡካናን። በመጨረሻ ሴትዮዋ ምንም እንዳልሠራች ይመስላል። ለልጆቼ እንደዚህ አላወራም እኔ።

አባ መላ፦
የሌላውን ወስደህ ለእሷ መስጠት እሷን ማክበር አይደለም ልጄ። ቻርሊን ሚቸልም ጥቁር ሴት ናት፣ ለእሷስ ማን ይቆጭላት? የቺዝም የራሷ የሆነው ደግሞ ይበቃታል። 1969 ኮንግረስ ስትገባ የብሩክሊን ከተሜ ሕዝብ የመረጣትን ሴት እርሻ ኮሚቴ መደቧት፣ አዲስ ገቢ ዝም ይላል በሚባልበት ቤት ተነስታ ተቃወመች፣ ከዛ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ኮሚቴ አዛወሯት። ይሄን ንገራቸው ለልጆችህ።

ናፍቆት ዲሲ፦
እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ያው እንግዳ "አንድም ፕራይመሪ አላሸነፈችም" ብሏል፣ 1972 የዴሞክራት ፓርቲ እጩ ለመሆን በየስቴቱ የተወዳደረችበትን ምርጫ ማለቱ ነው። ኒውጀርሲስ? እዛ የሕዝቡን ምርጫ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት።

ሸገር ልጅ፦
እሱ የማያስገድድ ምርጫ ነው እኮ፣ ዋና ተፎካካሪዎቿ ማክገቨርን እና ሃምፍሪ ወረቀቱ ላይ አልነበሩም፣ ዴሌጌት (ኮንቬንሽን ሄዶ እጩውን የሚመርጠው ተወካይ) የተመረጠው ለብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው አልተሳሳተም።

የብሩክሊኗ፦
የትውልድ ቦታ ላይ ጥቃቅን ያልከው ሰውዬ ኒውጀርሲ ላይ ስትደርስ እንዲህ ታጣራለህ?

ሸገር ልጅ፦
አንድ ቃል ይዘሽ አትጎትቺኝ።

የብሩክሊኗ፦
ያልከውን ነው የደገምኩት። መጣራት ካለበት ሁሉም ይጣራ፣ ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ኮንቬንሽን ላይ ያገኘችው ድምፅ ጭምር። ማያሚ ቢች ላይ ወደ 152 ድምፅ አግኝታለች፣ ከዛ ውስጥ ሃምፍሪ ከውድድር ሲወጣ የለቀቃቸው ጥቁር ዴሌጌቶች አሉበት። ሁሉንም በፕራይመሪ ለቅማ ያመጣችው አስመስሎ ማውራትም ልክ አይደለም። እኔ ከማንም በላይ እወዳታለሁ፣ ስለምወዳት ነው።

ናፍቆት ዲሲ፦
አባ መላ ያለው ላይ ደግሞ ልጨምር፣ ብዙ ሰው "ጥቁር ሴት" የሚለውን ቆርጦ "የመጀመሪያዋ ጥቁር" ይላል። የዲሲው ቄስ ቻኒንግ ፊሊፕስ 1968 ቺካጎ የዴሞክራቶች ኮንቬንሽን ላይ ስሙ ለእጩነት ቀርቦ ድምፅ ተሰጥቶበታል። ሌላው ግን የኛ ሰው ማወቅ ያለበት፣ የአላባማው ገዥ ጆርጅ ዋላስ፣ 1972 ላይ ለዚያው እጩነት ሲወዳደር፣ ሎረል ሜሪላንድ ላይ በጥይት ሲመታ የተኛው ሲልቨር ስፕሪንግ ሆሊ ክሮስ ነው፣ ስንቶቻችን የወለድንበት ሆስፒታል። ቺዝም ሄዳ የጠየቀችው በዛን ጊዜ ነው።

ሸገር ልጅ፦
እሱን ባታነሺው ይሻል ነበር። "ሴግሪጌሽን ለዘላለም" (ጥቁርና ነጭ ለዘላለም ተለያይቶ ይኑር) ያለ ሰው ጋ አበባ ይዞ መሄድ ምን ይባላል?

ናፍቆት ዲሲ፦
አበባውን ከየት አመጣኸው? ታሞ የተኛ ሰው ጠየቀች፣ በቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፈል የሚለው ሕግ ኮንግረስ ሲመጣ ዋላስ የደቡብ ሰዎችን ድምፅ አምጥቶላታል። የሰው ቤት የሚያጸዱት ጥቁር እናቶች ናቸው የተጠቀሙት።

ሐቀኛው፦
ይሄኛውስ በምን ተረጋገጠ ናፍቆት?

ናፍቆት ዲሲ፦
ቺዝም ራሷ ተናግራዋለች።

ሐቀኛው፦
ራሷ ስለተናገረችው በቃ? ማን ለማን ደወለ፣ የትኛው ተወካይ በዋላስ ምክንያት ድምፁን ቀየረ፣ እሱ ነው መታየት ያለበት። ሕጉ 1974 ላይ ወጥቷል፣ እሱ መዝገብ ላይ አለ። ዋላስ ነው ያመጣው ለሚለው ግን የድምፅ አሰጣጡ ዝርዝር ብቻውን አይበቃም።

ናፍቆት ዲሲ፦
እዛ ቤት ውስጥ ድምፅ ስትለምን የነበረችው እሷ ናት እንጂ አንተ አይደለህም። የእሷን ቃል ከማንም በላይ አምናለሁ።

ሸገር ልጅ፦
አያችሁ? አሁን ደግሞ እሷንም ማመን ተከለከለ።

ሐቀኛው፦
ማንም አልከለከለም። በእሷ ቃል ከሆነ በእሷ ቃል ነው በሉ፣ ከሕጉ ጋር አንድ ላይ እንደተረጋገጠ አድርጋችሁ አታውሩት።

የብሩክሊኗ፦
ለላይቩ አዘጋጅ የልደት ቦታዋንና "የመጀመሪያዋ ሴት" ያለውን እንዲያስተካክል ጽፌለታለሁ። የዋላስን ነገር አልጨመርኩም፣ እሱ ላይ ከናፍቆት ጋር ነኝ።