ከጃፓን የመኪና ዕቃ ልገዛ ብዬ ካርዴን አልቀበልም አለኝ፤ እናንተ እንዴት ነው የምትከፍሉት?

የዲኤክስ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አባቴ አዲስ አበባ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ አለችው። እኔ ሳልወለድ የገዛት ናት፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ሳይወለውላት ከቤት አይወጣም። በቅርቡ ሚኒባስ ከኋላ ገጭቶት የግራ የኋላ መብራቷ ረገፈ። ሶማሌ ተራን ቢያካልልም የሚያገኘው ወይ የተሰነጠቀ ነው ወይ ቀለሙ የነጣ።

እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ የጃፓን የአሮጌ መኪና ዕቃ ሱቅ ውስጥ አዲስ የሚመስል አገኘሁ፣ 6,800 የን። ግን ክፍያው ላይ ቆምኩ። ካርዴ ቪዛ ዴቢት ነው፤ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም መለሰው። ባንኬ ጋ ስደውል ከእኛ በኩል የተዘጋ ነገር የለም አሉኝ። ሱቁ ሌላ የሚሰጠው ምርጫ ኮንቢኒ የሚባል ነገርና የባንክ ዝውውር ነው። ኮንቢኒው ምን እንደሆነ ራሱ አልገባኝም። ክረምት ላይ አገር ቤት እገባለሁ፣ ይዤለት ብሄድ ደስ ይለኛል። ያደረጋችሁት ካለ ንገሩኝ።

ካጹሺካ፦

እህቴ፣ እኔ ቶኪዮ ነኝ፤ ካጹሺካ፣ ብዙ አበሻ ያለበት ሰፈር። ኮንቢኒ ማለት እዚህ በየመንገዱ ጥግ ያለ ቀንና ሌሊት የማይዘጋ ሱቅ ነው፣ ሰቨን ኢለቨን፣ ላውሰን፣ ፋሚሊማርት። ኢንተርኔት ላይ ታዝዣለሽ፣ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ቁጥሩን ይዘሽ ሄደሽ ካሸሩ ጋ በጥሬ ገንዘብ ትከፍያለሽ። በተሰጠሽ ቀን ውስጥ ካልከፈልሽ ትዕዛዙ ይሰረዛል። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ ላልሆነ ሰው አይሆንም።

ካርድሽን በተመለከተ ባንክሽ እውነቱን ነው። ብዙ ትንንሽ ሱቆች ውጭ አገር የወጣ ካርድ ላለመቀበል ራሳቸው ዘግተውታል፤ በተሰረቀ ካርድ ተገዝቶባቸው ኪሳራው እነሱ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የጃፓን የኢንተርኔት ሱቆች ስሪ ዲ ሴኪዩር እንዲያስገቡ ተደርጓል፣ ያ በባንክሽ አፕ "እኔ ነኝ የከፈልኩት" ብለሽ የምታረጋግጪው ነገር። የማረጋገጫው መስኮት ከመጣልሽ በኋላ ከወደቀ ችግሩ ብዙ ጊዜ ባንክሽ ወይም አፑ ጋ ነው። ሳይመጣ ወዲያው ከመለሰው ግን ብዙ ጊዜ ሱቁ ነው፤ አሥር ጊዜ ብትሞክሪም ያው ነው። ደጋግመሽ አትሞክሪ፣ ባንክሽ አጭበርባሪ መስሎት ካርዱን ሊዘጋብሽ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የኋላ መብራት መሆኑ ጥሩ ነው። የፊት ቢሆን ኖሮ ተዪው እልሽ ነበር። እዚህ አገር በግራ ስለሚነዳ የፊት መብራቱ ብርሃን ወደ ግራ ዳር ያዘነብላል፤ አዲስ አበባ ላይ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ነው የሚያጠፋው።

ሌንስ ሰብሳቢ፦

ስቶክሆልም ነኝ፣ የድሮ ካሜራ ሌንስ ከጃፓን ማስመጣት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አጭሩ መልስ፣ ራስሽ አትክፈዪ፣ የሚከፍልልሽ ድርጅት ያዢ። ባዪ አለ፣ ዜንማርኬት አለ፣ ሌሎችም አሉ። የዕቃውን ሊንክ ትሰጫቸዋለሽ፣ ጃፓን ውስጥ እንዳለ ደንበኛ ሆነው ሱቁን ይከፍሉታል፣ ዕቃው መጋዘናቸው ይገባል፣ ከዚያ ወደ አንቺ ይልካሉ። አንቺ ለእነሱ የምትከፍዪው በተለመደው ቪዛ ወይም በፔይፓል ነው። አውሮፓ ላለን ሰዎች ይሄ ግዴታ የሆነበትም ቦታ አለ፤ ያሁ ጃፓን ከሚያዝያ 6 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአውሮፓ ስለተዘጋ፣ ሰው ዕቃውን በጨረታ የሚሸጥበት ገጹ ራሱ ከእኛ ጋ አይከፈትም፣ በእነሱ በኩል ግን ይታያል።

ሰው የሚደነግጠው ሁለት ጊዜ መክፈል እንዳለ ሳያውቅ ሲቀር ነው። መጀመሪያ የዕቃውን ዋጋ፣ የእነሱን አገልግሎትና ጃፓን ውስጥ ያለውን መላኪያ ትከፍያለሽ። ዕቃው መጋዘን ገብቶ ከተመዘነ በኋላ ደግሞ ወደ ጀርመን የሚመጣበትን። የመኪና መብራት ቀላል ቢሆንም ካርቶኑ ትልቅ ነው፣ አንዳንዱ የመላኪያ ዓይነት ደግሞ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የካርቶኑንም ስፋት ያስከፍላል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ገጻቸው ላይ ያለው ማስያ ላይ አስገቢና እዪው። የ40 ዩሮ መብራት 100 ዩሮ ሊገባ ይችላል፣ እሱን አውቀሽ ግቢ።

ፔይፓል ከሆነ ሒሳቡን በዩሮ ላስላልሽ ሲልሽ እምቢ በዪና በየን ይሁን በዪ። ምንዛሪውን ካርድሽ ይሥራው። ፔይፓል በራሱ ዋጋ ሲመነዝር ልዩነቱ ከሦስት በመቶ በላይ ይሄዳል፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ስከፍል ኖሬያለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጉምሩኩን አትርሺ። ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አውሮፓ ኅብረት ለሚገባ ዕቃ ከመጀመሪያዋ ዩሮ ጀምሮ ቫት አለ፣ ጀርመን 19 በመቶ። የሚሰላው መላኪያውም ተጨምሮበት ነው።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

ሌንስ ሰብሳቢ ያለውን ስሚው እህቴ። እኔ ቴሌግራም ላይ "ጃፓን ሰው አለኝ፣ እከፍልልሃለሁ" ያለኝን ሰው አምኜ ገንዘብ ላክሁ፣ ዕቃውም ሰውየውም የሉም። ለማላውቀው ሰው በባንክ ወይም በገንዘብ መላኪያ ከላክሽ ማስመለሻ የለሽም፣ በካርድ የከፈልሽው ግን ዕቃው ካልመጣ ባንክሽን ልትከራከሪበት ትችያለሽ።

እኔ ያለሁበት አሜሪካ ለምታነቡ ደግሞ፣ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ከነሐሴ 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። የድሮ ጽሑፍ አይታችሁ አትዘናጉ።

የዲኤክስ ልጅ፦

አመሰግናለሁ በጣም። ካጹሺካ፣ የባንክ ዝውውሩስ? ዋይዝ በሚባለው የገንዘብ መላኪያ አፕ የን መላክ ይቻላል ሲሉ ሰምቼ ነበር።

ካጹሺካ፦

ይቻላል፣ ይደርሳልም። ችግሩ ሱቁ ሒሳቡ ላይ የሚያየው የላኪ ስም ካንቺ ትዕዛዝ ጋር ላይገጥም መቻሉ ነው። እዚህ ስም በካታካና ፊደል ነው የሚመዘገበው፣ አንድ ፊደል ከተለየ "ማን ከፈለ?" እያሉ ይቆያሉ። ጽፈሽላቸው እሺ ካሉሽና የትዕዛዝ ቁጥርሽን ከስምሽ ጋር አድርጊ ካሉሽ ብቻ ላኪ። ግን ከከፈልሽም በኋላ ወደ ውጭ አንልክም ቢሉሽስ? ብዙዎቹ አይልኩም። መጀመሪያ እሱን ጠይቂ።

ሳሪስ፦

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ በራሴ ካርድ ይሠራልኛል?

ሌንስ ሰብሳቢ፦

በብር ሒሳብ ባለው ተራ ኤቲኤም ካርድ አይሆንም። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ካለህና ባንክህ ለእሱ ዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ከሰጠህ ሞክር። ኢንተርኔት ላይ ለመክፈል የተከፈተ መሆኑን ግን ባንኩን ጠይቅ።

ካጹሺካ፦

የዲኤክስ ልጅ፣ ከመክፈልሽ በፊት አባትሽ የተሰበረውን መብራት ከጀርባው ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ። ፕላስቲኩ ላይ ቁጥር አለ። የሰዳኑና የስቴሽኑ የኋላ መብራት አንድ አይደለም፣ የተሳሳተ ከገዛሽ ደግሞ ጃፓን ድረስ መመለሻው ከዕቃው ይበልጣል።

የዲኤክስ ልጅ፦

አሁን ደወልኩለት። ስብርባሪውን አልጣለውም፣ በፌስታል አድርጎ አልጋው ሥር አስቀምጦታል። ቁጥሩን አነበበልኝ፣ ሱቁ ከጻፈው ጋር ያው ነው። መላኪያውን ማስያው ላይ አየሁት፣ ከዕቃው ዋጋ ትንሽ ይበልጣል፣ ይሁን። ዛሬ ማታ በዜንማርኬት አዛለሁ፣ በየን።

የቀኙም አብሮ ይሸጣል። ሁለቱን በአንድ ካርቶን ላስመጣው መሰለኝ።