በአፍሪካ የሉተራውያን ጉባዔ ልዑክ ሆኖ መገኘት፦ ድምፄ የማን ነው? ቁርባኑስ?

አዲስ ልዑክ

በጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አባል ስሆን፣ በአፍሪካ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ጉባዔ ላይ ከወጣቶች ወገን እንድገኝ ተመርጫለሁ። እስከ ዛሬ የማውቀው የማኅበረ ምእመናንንና የሲኖዶስን (በእኛ ዘንድ የአካባቢ ማኅበረ ምእመናን አስተዳደር ነው) ስብሰባ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከመዘምራን ጋር ዘምሬ እመለሳለሁ እንጂ እጄን አውጥቼ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው፣ ልዑክ የላከችውን ቤተ ክርስቲያን ቃል ብቻ ነው የሚያደርሰው ወይስ ያመነበትንም መናገር ይችላል? ሁለተኛው የቅዱስ ቁርባን ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት ማቋረጧ ይታወቃል። ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት እንግዶች ቢመጡና በመዝጊያው አምልኮ ላይ ቁርባን ቢኖር ምን ማድረግ ይገባኛል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው ቄስ

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። በመጀመሪያው ጥያቄሽ ልጀምር። ቤተ ክርስቲያናችን አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ራሳቸውን የቻሉ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ስለ ሆነ፣ እንዲህ ባለው ጉባዔ የሚወጣ መግለጫ ቤተ ክርስቲያንሽ በራሷ አካል ተቀብላ እስካላጸደቀችው ድረስ በእርሷ ላይ ሕግ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ቃል ብሳሳት ቤተ ክርስቲያኔን አስራታለሁ ብለሽ አትፍሪ፤ እንዲያውም ብዙ ልዑካን በዚህ ፍርሃት ዝም ብለው ተቀምጠው ይመለሳሉ።

ሆኖም የሚሰማው ድምፅ አገር ቤት ተመክሮበት የሄደው ነው። የአፍሪካ ሉተራውያን ከመላ አህጉሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት የተሰበሰቡት እ.ኤ.አ. በ1955 በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በማራንጉ ነበር። ያን ጊዜ መካነ ኢየሱስ እንደ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ገና አልተመሠረተችም፤ የተመሠረተችው በ1959፣ የፌዴሬሽኑ አባል የሆነችው ደግሞ በ1963 ነው። አባል በሆነች በዘጠኝ ዓመቷ ለፌዴሬሽኑ የላከችው ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የውጭ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ሥርጭት የሚሰጡትን የሚቀንሱበትን ምክንያት በግልጽ የጠየቀ ደብዳቤ ነበር። ያን ያህል የተሰማው አንድ ሰው መድረክ ላይ ተነሥቶ ስለ ተናገረ ሳይሆን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ አስቀድማ መክራ አንድ ቃል ይዛ ስለ ቀረበች ነው። አንቺም ከመሄድሽ በፊት አጀንዳውን ይዘሽ ከላከሽ ክፍል ኃላፊዎች ጋር ተቀመጪ፤ አቋም የተያዘባቸውን ጉዳዮች ለይተሽ ዕወቂ፤ በቀረው ላይ ሕሊናሽን ተጠቀሚ።

የቀድሞ የወጣት ልዑክ

በቄስ ምክር ላይ ትንሽ ልጨምር። እኅቴ፣ ወጣት ስለ ሆንሽ በችሮታ የተጋበዝሽ አይምሰልሽ። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1984 በቡዳፔስት ባካሄደው ጉባዔ፣ ከተሳታፊዎች ቢያንስ 40 በመቶ ሴቶች፣ 20 በመቶ ደግሞ ወጣቶች እንዲሆኑ ወስኗል። ወንበሩ የሚገባሽ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ስሄድ የተላኩልኝን ሰነዶች ያነበብኩት በአውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ ሲነጋ ቡድን ውይይት ውስጥ ገብቼ ሌሎቹ ገጽ እየጠቀሱ ሲከራከሩ፣ እኔ የትኛው ሰነድ እንደ ሆነ እንኳ አላወቅሁም ነበር። ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን የመጨረሻው ቀን ነው። አርቃቂ ኮሚቴው የጉባዔውን መልእክት ያነበበው ሰው ሁሉ ሻንጣውን ካሰናዳ በኋላ ሲሆን፣ በቡድናችን ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች «እንጠይቃለን» ብለን የጻፍነው «ተስፋ እናደርጋለን» ሆኖ ወጣ። ልዩነቱ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ማሻሻያ በጽሑፍ እንደሚቀርብ ስላላወቅሁ ከሌሎቹ ጋር አጨበጨብኩ። አንቺ የቡድንሽን ጽሑፍ ቅጂ ያዢ፤ ረቂቁ ሲነበብም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስተያዪው።

ስለ ቁርባኑ፣ በእኔ አስተያየት በአንቺና በጌታ መካከል ያለ ጉዳይ ስለ ሆነ ብዙ አትጨነቂበት።

የሥነ መለኮት ተማሪ

በመጨረሻው ነጥብ አልስማማም። የ2013ቱ ውሳኔ ለግለሰቡ ሕሊና የተተወ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመቀበላቸው ምክንያት ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ግንኙነት ስታቋርጥ፣ በየትኛውም ደረጃ ያሉ አባሎቿ ከእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ቀሳውስት እጅ ቁርባን እንዳይቀበሉ ወስናለች። ልዑክ ደግሞ በግሉ የሚሄድ ሰው አይደለም። በሌላ በኩል የፌዴሬሽኑ አባላት ከ1984 ጀምሮ በስብከትና በቁርባን ኅብረት እንዳላቸው ስለሚታመን፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ጭንቀትሽም ተገቢ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን በአዳራሹ ማን ተቀምጧል የሚለው ሳይሆን ማን ይቀድሳል፣ ማንስ ያቀብላል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ከአምልኮው በፊት የአምልኮ ኮሚቴውን በትሕትና ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። ቀዳሹ ለምሳሌ ከታንዛንያ ወይም ከናሚቢያ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ውሳኔው በቀጥታ አይመለከትሽም። ካልሆነ ግን በመቀመጫሽ በጸሎት መቆየት በቂ ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅሽም፤ ቢጠይቅሽም አጭር መልስ ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመሄድሽ በፊት ከዋናው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መመሪያ መጠየቅ ነው።

አዲስ ልዑክ

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። ለጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤውን ዛሬ ጽፌያለሁ። ቄስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ከጉባዔው ስመለስ ሪፖርቱን የማቀርበው ለላከኝ ክፍል ብቻ ነው ወይስ በማኅበረ ምእመናኔም ጭምር?

ጡረተኛው ቄስ

በጽሑፍ ለላከሽ ክፍል፣ በቃል ደግሞ በእሑድ አምልኮ ለማኅበረ ምእመናንሽ አቅርቢ። ለሁለተኛው ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳትወስጂ፤ ስለ ሆቴሉም አታውሪ።