ታኝኮ የተጎረሰ መጽሐፍ?

የልጁ እናት (ሜሪላንድ)፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው «ኮሚክ ማለት ታኝኮ የተጎረሰ መጽሐፍ ነው፤ ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) አለበት እያልሽ ልጁን አታሰንፊው» ብሎ መለሰልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያበግነኝ አደረ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ክፍሉ ፍራንከንስታይንን፣ የሜሪ ሼሊን ስለ ሰው ሠራሽ ጭራቅ የሚተርክ ልብ ወለድ፣ እያነበበ ነው፤ መምህርቷ ለእሱ በስዕል የተሠራውን ኮሚክ ሰጠችው። ዋናው መጽሐፍ በ1818 የታተመ ነው፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ተጀምሮ አያልቅም። ልጄ በጣቱ እየተከተለ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶበታል። ኮሚኩን በሁለት ምሽት ጨረሰው። ከዚያ ወጥ ቤት መጥቶ «እማ፣ ጭራቁ እኮ ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም» አለኝ። ይሄ ነው ስንፍናው?

ጋሽ አንባቢ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፤ አልሸሽም። እህቴ፣ ልጅሽን አልሰደብኩም። መጽሐፉን ግን አላነበበውም። ያነበበው ሰዓሊው ነው። አንብቦ፣ አኝኮ፣ ለልጅሽ አጎረሰው። ሜሪ ሼሊ የጭራቁን መልክ የነገረችን በጥቂት መስመር ነው፤ የቀረውን አንተው ሙላው ትላለች። ፍርሃቱም እዚያ ነው ያለው።

ሽሮ ፈሰስ፦ ጉርሻ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ጋሽ አንባቢ፦ ጉርሻ አላልኩም፤ ታኝኮ ነው ያልኩት። አንብብ እንጂ።

ሽሮ ፈሰስ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በስዕል ቢሉኝ ይገባኝ ነበር።

መምህርት (ልዩ ፍላጎት)፦ እስቲ ቀልዱ ይቆይ። ዲስሌክሲያ የማሰብ ችግር አይደለም። ልጁ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ለማገናኘት ይለፋል፤ ቃሉን ሲፈታ ጉልበቱ ያልቅና ለታሪኩ የሚተርፈው የለም። ስዕሉ ያንን ሸክም ያቀልለታል። ግን እናንተም ኮሚክን ጠበል አታድርጉት! አብዛኛው የአሜሪካ ኮሚክ የሚጻፈው በካፒታል ሌተር ብቻ ነው። የእንግሊዝ ዲስሌክሲያ ማኅበር ደግሞ ሁሉን በካፒታል አትጻፉ ይላል፤ ቃሉ ሁሉ ልክ እንደ ብሎኬት አንድ ዓይነት ቅርጽ ይይዛል። ሆረር፣ የሚያስፈራ ታሪክ፣ ሲሆን ይብሳል፤ ጭራቁ ሲናገር ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር ላይ በነጭ ይጻፋል። አንድ ተማሪዬ ጣቱ ንግግር ከተጻፈበት ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ሲዘል አይቼዋለሁ፤ ከጥያቄው በፊት መልሱን አነበበው።

ጋሽ አንባቢ፦ ተመስገን፣ አንድ ሰው ገባው።

መምህርት (ልዩ ፍላጎት)፦ ኧረ ከእርስዎ ጋር አልተስማማሁም።

የለንደኑ፦ እዚህ ክላሲካል ኮሚክስ የሚባል አሳታሚ ፍራንከንስታይንን በሁለት ዓይነት አውጥቶታል። ስዕሉ አንድ ነው። በአንዱ የሜሪ ሼሊ የራሷ ቃላት አሉ፤ በሌላው ንግግሩ አጥሯል። ጋሼ፣ የቱ ነው የታኘከው?

ጋሽ አንባቢ፦ ሁለተኛው።

የለንደኑ፦ አንደኛውስ?

ጋሽ አንባቢ፦ ጥርስ ነክቶታል።

ሽሮ ፈሰስ፦ ሞትኩ።

ከፒያሳ፦ እናንተ ስለ ኮሚክ ትጨቃጨቃላችሁ፤ እኛ ጋ ልጁ «ደደብ» ተብሎ ያልቃል። እኔ ሀ ሁን እንደ ዘፈን ሸምድጄ ነበር፤ 231ዱንም። የኔታ ጎበዝ ሲሉኝ ከረሙ። አንድ ቀን «በል አቡጊዳ» አሉ። ተራው ሲዛባ ለ እና ሰ አንድ ሆኑብኝ። አለንጋው አሁንም ጀርባዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ካፒታል ሌተር የለንም ብላችሁ አትኩራሩ።

የድሮ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ የቄስ ትምህርት ቤትን አትንካ። ዲስሌክሲያ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ በእኛ ጊዜ አልነበረም።

ከፒያሳ፦ ነበረ። ስሙ አለንጋ ነበር።

የልጁ እናት (ሜሪላንድ)፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ እባካችሁ። ጋሼ፣ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ ብለዋል አይደል? ጭራቁ ንባብ እንዴት ተማረ?

ጋሽ አንባቢ፦ ከጎጆው ጎን ተደብቆ፣ በግድግዳው ስንጥቅ እያየ። ቤተሰቡ እንግዳዋን ሴት ሲያስተምሯት እየሰማ።

የልጁ እናት (ሜሪላንድ)፦ ስለዚህ ሌላ ሰው ሲነበብለት ሰምቶ ነው። ታኝኮ ነዋ የጎረሰው!

ጋሽ አንባቢ፦ ከዚያ በኋላ ግን ጫካ ውስጥ መጽሐፍ አግኝቶ ባለቅኔውን ሚልተንን ራሱ አነበበ። ኮሚክ የሰጠው የለም። እኔ እኮ ልጁ አይረዳ አላልኩም። በድምፅ ያዳምጠው። በድምፅ አንዲት ቃል አትጎድልም።

የለንደኑ፦ በጆሮ ሲሆን ጉርሻ፣ በዓይን ሲሆን የታኘከ?

መምህርት (ልዩ ፍላጎት)፦ ሁለቱን አንድ ላይ ቢያደርገውስ? ድምፁን እየሰማ ኮሚኩን ይከተል። እኔ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የድሮ ተማሪ፦ ለመሆኑ ዶክተር ፍራንከንስታይን ያ አረንጓዴው ነው አይደል?

ጋሽ አንባቢ፦ ይኸው! ይኸው ያልኩት! ፍራንከንስታይን ፈጣሪው ነው። ዶክተርም አይደለም፤ ጀርመን፣ ኢንጎልስታት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ነው። ጭራቁ ደግሞ ስም የለውም። አረንጓዴም አይደለም፤ መጽሐፉ ቆዳው ቢጫ ነው ይላል። ስዕል ያያችሁ ሁሉ አረንጓዴ ትሉኛላችሁ።

የልጁ እናት (ሜሪላንድ)፦ ልጄ ስም እንደሌለው ያውቃል። ከኮሚኩ ነው ያወቀው።

ጋሽ አንባቢ፦ ኮሚኩ ላይ ቀለሙ ምንድን ነው?

የልጁ እናት (ሜሪላንድ)፦ ... ግራጫ ቢጤ።

አድሚን፦ ስለ ጭራቁ ቀለም መከራከር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር።

ጋሽ አንባቢ፦ ቢጫ ነው።