ከፐርማፍሮስት ናዳ በታች የሟሟ ካርቦን ለምን ይቀንሳል? እገዛ እፈልጋለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ምዕራብ ካናዳ፣ በፒል ፕላቶ፣ ፐርማፍሮስቱ (ለዓመታት በረዶ ሆኖ የቆየው መሬት) ቀልጦ የተናደባቸው ጅረቶች ውጤት አልገባ ብሎኛል። ከናዳው በታች ውሃው በደለል ጥቅጥቅ ብሏል፤ የሟሟው ኦርጋኒክ ካርቦን ግን ከናዳው በላይ ካለው ያነሰ ነው። በሳይቤሪያው የዶማ (በረዶ የበዛበት ጥንታዊ ፐርማፍሮስት) የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ከቀለጠው መሬት የሚወጣው ውሃ በሟሟ ካርቦን የበለጸገ ነው።

የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፦ ወይ ደቃቁ ሸክላ ካርቦኑን በገጹ ላይ እየያዘ ነው፣ ወይ ባክቴሪያዎች እንደ አሲቴት ያሉትን ትንንሽ አሲዶች ከማጣሪያው በፊት ይጨርሷቸዋል።

የማጣራው በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ4 ሰዓት በተቃጠለ፣ 0.7 ማይክሮሜትር የመስታወት ፋይበር ማጣሪያ ነው። ችግሩ ደለሉ ወዲያው ይደፍነዋል፤ ቀዳዳው ሲጠብ ኮሎይዱም (በውሃው የተንሳፈፈው እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) አብሮ ይቀራል፣ ቁጥሩም ያለ አግባብ ይወርዳል። እንዲዘቅጥ ማሳደርም አያዋጣም፤ ሁለቱም ሂደቶች ጠርሙሱ ውስጥ ይቀጥላሉ። አሲድ ከማጣራት በፊት መጨመርማ ጭራሽ አይሆንም፤ ካርቦኔቱን አሟሙቶ የተያዘውን ካርቦን ይለቃል።

ዋናው ጥያቄዬ ይኸው፦ ሁለቱን ግምቶች ለመለየት ደለሉን ሳላወጣ ባክቴሪያውን ብቻ እንዴት ልግደል? በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣራት ደለሉንም ይወስዳል፣ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከን) ከደለሉ ካርቦን ያስለቅቃል፣ ሜርኩሪ ክሎራይድ ደግሞ መርዝ ከመሆኑም በላይ የካርቦን መለኪያ መሣሪያውን ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ አፋጣኝ) ይጎዳል። ሶዲየም አዛይድ (ባክቴሪያ የሚገታ ኬሚካል) በዚህ ዓይነት ደለል የሞከረ ካለ መጠኑንና የፒኤች ለውጡን ቢነግረኝ በጣም አመሰግናለሁ።