«ነይ» ወይስ «ና»?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክር የመጣው ካለፈው ቅዳሜ ነው። ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር አንድ ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ክራር ይዛ የወንድ የፍቅር ዘፈን ዘፈነች። ግጥሙን አልቀየረችም። «ነይ» አለች፣ «ዓይንሽ» አለች። ከፊሉ አጨበጨበ፣ ከፊሉ አጉረመረመ። ሴት የወንድ ዘፈን ስትዘፍን «ነይ»ን «ና» ማድረግ አለባት? ስድብ ክልክል ነው።

የታቦር ልጅ፦ አለባት። አማርኛ ወንድና ሴት የሚለይ ቋንቋ ነው። ሴት ለሴት «ናፈቅሽኝ» ብላ ስታንጎራጉር ለጆሮ ይጎረብጣል። ልጆችም ነበሩ እዚያ። አንድ ፊደል መቀየር ምን ይከብዳል?

ባለ ኪቦርድ፦ ይከብዳል እንጂ። 30 ዓመት ሰርግ ላይ ተጫውቻለሁ። «ሳይመሽ» እና «ፊትሽ» ብሎ ቤት የመታን ግጥም «ፊትህ» ብትለው ቤቱ ፈረሰ። ደግሞስ ሰርግ ላይ ሴቶቹ ሙሽሪትን ሲያወድሱ «አንቺ» አይደል የሚሉት? ያኔ ማን ጎረበጠው? አዝማሪ ቤት ወንዱ «ተቀበይ» ብሎ ስለ ፍቅረኛው ግጥም ይሰጣል፣ ሴት አዝማሪዋ ያንኑ ተቀብላ ትዘፍናለች። አራቱን የዜማ ቅኝቶች ቁጠሩ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። የመጨረሻውን ሴት ስትዘፍነው «አንተ ሆዬ» እንበለው?

ሎቄ፦ ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ፤ ግን እኔ ፌሚኒስት ሆኜ ይቀየር ባይ ነኝ። «ነይ» ትእዛዝ ነው። ስንቱ ዘፈን ነው ሴትን ነይ፣ ዙሪ፣ ቁሚ እያለ የሚያዘው? እነ አስናቀች ወርቁ ክራር ይዞ መውጣት ለሴት ነውር በነበረበት ዘመን ስለ ፍቅር በራሳቸው አፍ ዘፍነዋል። ሴት ወንድን «ና» ብላ ስትጠራው መስማት እፈልጋለሁ። የወንድን ቃል መድገም ምን ይጠቅመናል?

ስም አይጠቀስ፦ ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሴት የምወድ ሴት ነኝ። ቃሉን የምናውቅ ኩዊር እንላለን። ፌሚኒስትም ነኝ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እንደኔ ያለ ፍቅር የሚያስከስስ ነው፤ ስሜን የማልጽፈው ለዚህ ነው።

እህቴ ሎቄ፣ «ና» ላንቺ ምን እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን አማርኛ መደበቂያ የሚነሳኝ ሰው ነኝ። እናቴ ስትደውል «ሰው የለሽም?» ትለኛለች። «ሰውማ አለ» እላለሁ። «ምን ይሠራል?» ትላለች። «ሥራው የመንግሥት ነው፣ ደሞዙም ደህና ነው» እላለሁ። እኔ «ሥራው» ስል ሥራውን ነው፤ እሷ የእሱ ሥራ ብላ ትሰማለች። አንድ ግስ ካመለጠኝ አለቀልኝ። ስልኩን ስዘጋ አፌ ዝሏል።

ጠዋት ከአቶቴ ባጃጅ እይዛለሁ። ሾፌሩ ዘፈን ይከፍታል። የምወደው የወንድ ዘፈን ከመጣ አብሬ እዘፍናለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ። «ነይ» ስል ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ዘፈን ነዋ! ሰው መሃል ሆኜ ፍቅረኛዬን በትክክለኛው ግስ የምጠራት እዚያ ባጃጅ ውስጥ ብቻ ነው። ለ10 ደቂቃ።

እሁድ ፍቅር ሐይቅ እንቀመጣለን። ኢርፎናችን አንዱ ጆሮ ሞቷል። ሌላው የሚሰማው ሽቦው ሥሩ ላይ ጠመም ተደርጎ ሲያዝ ነው። በፕላስተር ጠቀለልነው፣ አልረዳም። ስለዚህ እኔ ሽቦውን እይዛለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ዘፈኑ ሲያልቅ እንቀያየራለን። እሷ ስትሰማ የትኛው ስንኝ ላይ እንደደረሰች ከፊቷ አውቃለሁ። እጅ ለእጅ ብንያያዝም ማንም ምንም አይለንም፤ ጓደኛሞች ናቸው ይላሉ። ጓደኛሞች ስንባል ደስ ይለናል፣ ያድነናልም። ግን ሌላ ስም የለንም።

ቅዳሜ ያቺ ልጅ «ዓይንሽ» ስትል አብረን ነበርን። ወንድ ሲዘፍነው ቃሉን እዋሳለሁ። ያን ማታ ግን የሴት ድምፅ ነው ያለው። ብርጭቆው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ አስቀመጥኩት። ልጅቷ ምን አስባ እንደዘፈነችው አላውቅም፣ ልጠይቃትም አይገባም። «ና» ብላ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ዘፈን ሰምቼ ቤቴ እገባ ነበር።

የታቦር ልጅ፦ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፣ ሕጉንም አንቺው ጠቅሰሽዋል። አልስማማም። ስለ እናትሽ ያልሽው ግን ከበደኝ።

ሎቄ፦ እህቴ፣ እኔ ያሰብኩት ራሴን ብቻ ነበር፣ ይቅርታ። የትእዛዙ ነገር ግን አሁንም አልወጣልኝም። እምቢታን የማይሰማ «ነይ» አለ። እሱንም ትዘፍኚዋለሽ?

ስም አይጠቀስ፦ አልዘፍነውም። በጣም የምንወደው አንድ ዘፈን አለ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሴትዮዋን እምቢ ብትልም እንደሚወስዳት ይናገራል። ዜማው ግን ልብ ይሰብራል። እዚያ ስንደርስ ሽቦውን የያዘችው ትለቀዋለች። ዝም ይላል። ስንኙ ሲያልፍ መልሳ ትይዘዋለች። ዘፈኑን መጣል አልቻልንም፣ እንዳለ መዋጥም አልቻልንም። አንቺ እንዲህ ያለ ዘፈን የለሽም?

ሎቄ፦ አለኝ። ከአንድም ሁለት።

ባለ ኪቦርድ፦ ልጄ፣ ያልሽውን ሁሉ ተቀበልኩ ብል ዋሸሁ። በኔ ዕድሜ ከባድ ነው። ግጥሙ ግን አይነካም፣ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። በመጪው ቅዳሜ ያቺን ልጅ የማጅባት እኔ ነኝ። ሳትቀይር እንድትዘፍነው እነግራታለሁ።

ስም አይጠቀስ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንመጣለን። በዓይንዎ አይፈልጉን፣ ዝም ብለው ይጫወቱ።