ውሃና ንፋስ ተራራ የሚበሉ ከሆነ ምድር እስካሁን ለምን ሜዳ አልሆነችም?

ጠያቂው_7
ሰላም ጓዶች፣ አንድ ነገር አልገጥም ብሎኛል። ዝናብ፣ ወንዝ፣ ውርጭ፣ ግግር በረዶ ምናምን ዐለቱን እየፈረካከሱ ባህር ይከቱታል ይባላል፣ እሺ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ግን ምድር ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል አይደል? በዓመት የሚሊሜትር አንድ አስረኛ ብቻ ይሸርሸር ብዬ ካልኩሌተር ላይ ስመታው ኤቨረስት ራሱ፣ 8,849 ሜትሩ ሁሉ፣ በ88 ሚሊዮን ዓመት ድራሹ ይጠፋል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ተራራ ምን ይሰራል እዚህ? ወይስ የመሸርሸሩ ወሬ ተጋኗል?

ዐለቱ
አልተጋነነም፣ ካልኩሌተርህም ልክ ነው። ብቻ የሚነሳውን ሳትደምር የሚበላውን ብቻ ነው የቀነስከው። ሂማላያን ያወጣው የህንድ ፕሌት (ህንድን ተሸክሞ የሚንቀሳቀስ ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ) ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ኤስያን እየገፋ ነው፣ ግፊያው ደግሞ ዛሬም አልቆመም። የኤቨረስት ጫፍ በሀ ድንጋይ ነው፣ ውስጡ የባህር እንስሳት ቅሪት አለበት፣ በቃ የባህር ወለል የነበረ ነገር ነው እዛ ላይ የወጣው። በጎን ደግሞ የጋንጀስና የብራህማፑትራ ወንዞች ያንኑ ተራራ እየፈጩ በዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ቶን ደለል ይዘው ይወርዳሉ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፣ መሸርሸሩ ራሱ ተራራውን ያነሳዋል። የምድር ቅርፊት ከስሩ ካለው ማንትል (ወፍራም የጋለ ዐለት ንብርብር) ስለሚቀል እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ነው ያለው፣ ጭነቱ ሲራገፍለት ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ሰፊ ቦታ ላይ 1,000 ሜትር ዐለት ቢጠረግ ከስር 800 ሜትር ገደማ ይነሳል፣ ስለዚህ ከፍታው የሚቀንሰው ወደ 200 ሜትር ብቻ ነው። ሰሜን አሜሪካ ያሉትን አፓላችያን ተራሮች የገፋቸው ነገር ከቆመ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ትልቁ ጫፋቸው 2,037 ሜትር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ሚሚ_ቢ
እኔ ግን ዋናው ንፋስ ነው የሚመስለኝ 🙂 በረሃ ውስጥ ያሉትን እንጉዳይ የሚመስሉ ድንጋዮች አላያችሁም እንዴ፣ ከስር ቀጥነው ከላይ ሰፍተው?

የጂኦሎጂ_ተማሪ
ሚሚዬ ድንጋዮቹን እኔም እወዳቸዋለሁ ግን እነሱ ራሳቸው ናቸው የንፋስን አቅም የሚያሳብቁበት። ንፋስ አሸዋ ቢያስነሳም አሸዋው ከባድ ስለሆነ መሬት ለመሬት ነው እየዘለለ የሚሄደው፣ አብዛኛው ከአንድ ሜትር በላይ አይወጣም፣ ለዛ ነው ከስር የሚበላው (እዛው ግርጌው ላይ የሚቆየው እርጥበትም ያግዘዋል)። አቧራ ሲሆን ሌላ ጉዳይ ነው፣ የሰሃራ አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ አማዞን ድረስ ይደርሳል። ዐለት በመስበርና ደለል በመሸከም ግን ውሃን የሚስተካከል የለም፣ በረሃ ውስጥ እንኳን ብዙውን ሸለቆ የቆረጠው አንዳንዴ የሚመጣው ጎርፍ ነው።

ደግሞ ውሃ ሁሌ በጉልበት አይደለም የሚሰራው። ግራናይት ካጋጠማችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ግራጫ ሆኖ ብርጭቆ የሚመስለው ፍሬ ኳርትዝ ነው፣ ነጣ ወይ ሮዝ ያለው ፌልድስፓር፣ ጥቁሩ እየተላጠ የሚነሳው ማይካ። የዝናብ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፌልድስፓሩን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል። ኳርትዙ ግን እምቢ ይላል፣ እና ፍሬዎቹን አያይዞ የነበረው ነገር ሲላላ ዐለቱ በእጅ ሲነኩት እስኪፈርስ ይደርሳል። የረገፈው ኳርትዝ ወንዝ ይወስደዋል፣ ብዙ የባህር ዳርቻ አሸዋ የዛ ትራፊ ነው። ቅዝቃዜ ካለ ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን 9% ገደማ ስለሚሰፋ ስንጥቁን ይገነጥለዋል፣ ቀን ይቀልጣል ማታ ይጠጥራል፣ እንደዛ ነው።

ጠያቂው_7
ዐለቱ የጀልባዋ ነገር ጭንቅላቴን አዞረው 😅 እሺ ግን ሁላችሁም ሚሊዮን ሚሊዮን ነው የምትሉት፣ በሰው ዕድሜ ቁጭ ተብሎ የሚታይ ነገር የለም?

ዐለቱ
አለ እንጂ። ናያግራን እየው፣ ፏፏቴው ባለፉት 12,000 ዓመታት ገደማ ወደ 11 ኪሎሜትር ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከላይ ጠንካራ ንጣፍ፣ ከስር ለስላሳ ድንጋይ ነው፣ የስሩ ሲቦረቦር የላይኛው ተንጠልጥሎ ይቀርና በራሱ ክብደት ይወድቃል። ድሮ በዓመት ወደ አንድ ሜትር ይሸሽ ነበር፣ ውሃው ለመብራት ማመንጫ ሲጠለፍ ነው በጣም የቀዘቀዘው።

የጂኦሎጂ_ተማሪ
በሰው ዕድሜ ከሆነ ሰርትሴይን የሚያክል የለም። አይስላንድ አጠገብ በ1963 ከባህር ስር እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የወጣች ደሴት ናት፣ በ1967 ፍንዳታው ሲያበቃ 2.7 ካሬ ኪሎሜትር ነበረች፣ አሁን ማዕበሉ በልቷት ግማሽ ገደማ ቀርታለች። መጀመሪያ የሚሄደው ልል አመዱና ጠርዝ ላይ ያለው ላቫ ነው፣ መሃሏ ላይ ግን አመዱ በሙቀትና በውሃ ተጋግሮ ጠንካራ ድንጋይ ሆኗል፣ እሱ ቶሎ እጅ አይሰጥም። አጠገቧ ያሉትን አሮጌ ደሴቶች ፎቶ ካየህ የወደፊት መልኳን ታገኘዋለህ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ጉብታ ብቻ ነው የቀራቸው።